አሮጌ ኮምፒውተርን ቲን ክላየንት ማድረግ፦ ሸክሙ ወዴት ይሄዳል?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። በዚያ ቀን አንድም ኮምፒውተር አልተበላሸም። ትናንት ይሠራ የነበረው በማግሥቱም ተነሳ፤ ደብዳቤ ተጻፈበት፤ ፕሪንት ተደረገበት። የቀረበት የደኅንነት አፕዴቱ ነው። "እንግዲያው ወደ ዊንዶውስ 11 ልሻገር" ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በር ላይ ይመለሳል። አዲሱ ሲስተም ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የሚቀበለው 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ነው። 8ኛው ትውልድ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ምንም ጤነኛ ቢሆን አይቆጠርም።

የእነዚህ ማሽኖች መጨረሻ ይታወቃል። መጀመሪያ ኮሪደር ጥግ ይደረደራሉ። ቀጥሎ መጋዘን ይገባሉ። ከዚያ ቆሻሻ ናቸው። በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሪፖርት እንደሚለው፣ በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። የተቀረው የት እንደገባ መዝገብ የለውም።

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ "እስቲ መጥተህ እይልኝ" ብሎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወሰደኝ። አንድ ክፍል ውስጥ 20 አሮጌ ዴስክቶፖች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጥያቄው አጭር ነበር። "እነዚህን ቲን ክላየንት አድርጎ ማሠራት ይቻላል ይባላል፤ እውነት ነው?"

እውነት ነው። ግን ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ሁሌም ተቀጥላ አለው። ማሽኖቹ የሚያቅታቸው ሥራ አይጠፋም። ከእነሱ ትከሻ ወርዶ ሌላ ትከሻ ላይ ይወጣል። ያ ትከሻ መኖሩን ሳያዩ የጀመሩ ሰዎች ጉዱ የሚፈላባቸው በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ኮምፒውተር ፕሮግራሙም ፋይሉም ስሌቱም እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ነው። በቲን ክላየንት ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ሁሉንም በኔትወርክ በሚያገለግለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፊት ለፊትህ ያለው ማሽን ሥራው ሁለት ብቻ ነው። ኪቦርዱና ማውሱ ላይ ያደረግኸውን ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩ የሠራውን ምስል ተቀብሎ ስክሪን ላይ ያሳያል። ሃርድ ዲስክ እንኳ አያስፈልገውም። ለዚህ ሥራ የ10 ዓመት ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ነው።

ሐሳቡ ከማሽኖቹም ይበልጥ ያረጀ ነው። ዴክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ቪቲ100 ተርሚናል የራሱ የሆነ ፕሮግራም የማያሠራ፣ ከትልቅ ኮምፒውተር ጋር በገመድ የተያያዘ ስክሪንና ኪቦርድ ነበር። በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረው ኤክስ የተባለው የመስኮት ሲስተም ከመነሻው የታሰበው ፕሮግራሙ አንድ ቦታ፣ ስክሪኑ ሌላ ቦታ እንዲሆን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኦራክሉ ላሪ ኤሊሰን "ኔትወርክ ኮምፒውተር" እያለ ፒሲን ሊተካ ዘምቶ ነበር። አልተሳካለትም፤ ፒሲ ረከሰ፣ ኔትወርኩ ደግሞ ቀርፋፋ ነበር። በ1999 ጂም ማክኩዊላን ኤልቲኤስፒ የተባለውን የሊኑክስ ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክት ጀመረ። በተለይ ትምህርት ቤቶች ወደዱት። ዛሬ አሮጌ ኮምፒውተር በኔትወርክ የሚያስነሳ ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያ ስም አሁንም እሱ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ክፍል ልመለስ። የመጀመሪያውን ማሽን ሽፋን ስከፍት ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ነበር። አቧራው በብሩሽ ይለቃል፤ እሱ ቀላል ነው። ከዚያ ዓይኔን የምጥለው ማዘርቦርዱ ላይ ቆመው ወደሚታዩት ትንንሽ በርሜሎች ነው፤ ካፓሲተሮቹ ላይ። አናታቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ደህና ናቸው። ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካንጠባጠበ ያ ማዘርቦርድ እየሞተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቦርዶች በዚህ በሽታ የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያለውን ማሽን ለማዳን አልደክምም። ራሙንና ፓወር ሰፕላዩን አውጥቼ ለሌላው መለዋወጫ አደርገዋለሁ።

ሦስተኛው ነገር ባትሪው ነው። ሲአር2032 የሚባል፣ ሳንቲም የመሰለ ባለ 3 ቮልት ባትሪ። ከ10 ዓመት በኋላ ይሞታል። ሲሞት ሁለት ነገር ይከተላል፤ ሁለቱም ሰው የማይጠረጥራቸው ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ያስተካከልከውን ሁሉ ይረሳል። ስለዚህ "መጀመሪያ ከኔትወርክ ተነሳ" ያልከው ማሽን በማግሥቱ የሌለ ሃርድ ዲስክ ሲፈልግ ታገኘዋለህ። ሰዓቱም ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይሸሻል። ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደግሞ የድረ ገጾችን ሰርተፍኬት አያምንም። ተጠቃሚው "ኢንተርኔት የለም" ይልሃል። ኢንተርኔቱ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ገና እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ነው። ሃያውንም ባትሪ ቀየርን። ከሥራው ሁሉ ርካሹ ይህ ነበር፤ ብዙ ራስ ምታት ያስቀረውም ይኸው ነው።

አሁን ማሽኑን እናስነሳው። ሃርድ ዲስኩ ወጥቷል። ባዮሱ ውስጥ ማሽኑን ከኔትወርክ የሚያስነሳውን፣ ፒኤክስኢ የሚባለውን አማራጭ እናበራለን። ኢንቴል ያዘጋጀው የዚህ አሠራር መደበኛ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ፤ ስለዚህ በጣም አሮጌ ማሽንም ያውቀዋል። ፓወሩን ስትጫን ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ነጭ ጽሑፍ ይመጣል። በዚያች ቅጽበት የኔትወርክ ካርዱ "አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?" ብሎ ለሁሉም እየተጣራ ነው። ዲኤችሲፒ የተባለው አገልግሎት ይመልስለታል፤ "አድራሻህ ይህ ነው፤ የመነሻ ፋይልህ ደግሞ እዚያ ሰርቨር ላይ ነው።" ማሽኑ ፋይሉን ቲኤፍቲፒ በሚባል መንገድ ያወርዳል። ይህ መንገድ ጥንታዊ ነው። በመደበኛ አሠራሩ 512 ባይት ይልካል፣ "ደርሶኛል" የሚል መልስ ይጠብቃል፣ እንደገና 512 ይልካል። ለትንሽ ፋይል ምንም አይልም። ለትልቅ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ስለዚህ የሚያውቁ ሰዎች በቲኤፍቲፒ አይፒኤክስኢ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ያወርዱና ቀሪውን እሷ ድረ ገጾች በሚመጡበት መንገድ፣ በኤችቲቲፒ፣ እንድታመጣ ያደርጋሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ድሮ፣ ሌላ ቦታ፣ ሰርቨሩን ስሞክር የራሱን ዲኤችሲፒ አብርቼ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር አገናኘሁት። ቢሮው ቀድሞም አንድ ዲኤችሲፒ ነበረው። ሁለት ሆኑ። "አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?" ላለ ሁሉ ቀድሞ የደረሰው መለሰ፤ ብዙ ጊዜ የደረሰው የእኔ ነበር። የእኔ ደግሞ የኢንተርኔት መውጫ አያውቅም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የግማሹ ሠራተኛ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ኢንተርኔት አቅራቢውን ሲረግም እኔም አብሬ ስገረም ነበር፤ ለካ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። መላው ቀላል ነው። ዲኤንኤስማስክ የተባለው ፕሮግራም አድራሻ መስጠቱን ለነባሩ ትቶ የመነሻ ፋይሉን ቦታ ብቻ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ተርሚናሎቹን በራሳቸው የተለየ ኔትወርክ ላይ ማድረግ ነው። ይህ ለደኅንነትም ይጠቅማል። ፒኤክስኢ በመደበኛ አሠራሩ የሚመልስለት ማን እንደሆነ አያጣራም። ተንኮለኛ ሰው የራሱን ሰርቨር ቢሰካና ቀድሞ ቢመልስ ማሽኖቹ አምነውት ይነሳሉ።

ሸክሙ መጀመሪያ የሚያርፈው ኔትወርኩ ላይ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሃያ ሰው አንድ ላይ ማሽኑን ያስነሳል እንበል። እያንዳንዱ ለመነሳት 300 ሜጋባይት ያወርዳል። በድምሩ 6 ጊጋባይት ነው። ሰርቨሩ ከስዊቹ ጋር፣ የሁሉም ማሽን ኬብል ከሚገናኝበት ሳጥን ጋር፣ የተገናኘው በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ከሆነ ሁሉም በአንድ ደቂቃ አካባቢ ይነሳል። መስመሩ የድሮው 100 ሜጋቢት ከሆነ ግን ወደ 9 ደቂቃ ይወስዳል። 9 ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ያየ ሠራተኛ ነገ "የድሮውን መልሱልኝ" ይላል፤ አይፈረድበትም። ልብ በሉ፣ የአሮጌዎቹ ማሽኖች ካርድ 100 ሜጋቢት ቢሆን ብዙም ችግር የለውም። ሁሉም የሚጋራው ከሰርቨር እስከ ስዊች ያለው አንድ ኬብል ነው። እሱ መጥበብ የለበትም።

ቪዲዮ ሲመጣ ሒሳቡ ይከብዳል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ላይ አንድ ሙሉ ምስል፣ ሳይጨመቅ፣ 50 ሜጋቢት ገደማ ነው። በሰከንድ 30 ምስል ሲሆን 1.5 ጊጋቢት ይጠጋል። ይህ ለአንድ ሰው ነው! በርግጥ ማንም እንዳለ አይልከውም። አርዲፒን የመሳሰሉ፣ ስክሪንን በርቀት የሚያሳዩ ፕሮቶኮሎች የተቀየረውን የስክሪን ክፍል ብቻ ጨምቀው ይልካሉ። ጽሑፍ ሲጻፍ የሚቀየረው ጥቂት ነው፤ መስመሩ አይሰማውም። ቪዲዮ ግን ሁልጊዜ ይቀየራል። ሰርቨሩ ቪዲዮውን ይፈታል፣ መልሶ ይጨምቃል፣ ይልካል፤ ይህን ለሃያ ሰው ያደርጋል። ከስድስት ወይም ሰባት ሰው በኋላ የሰርቨሩ ፋን መጮህ ይጀምራል። በካሜራ ስብሰባማ አይነሳ። ምስሉ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ድምፁ ይዘገያል፣ ሰው በሰው ላይ ይናገራል። ሥራው በአብዛኛው የቪዲዮ ስብሰባ ለሆነ ቢሮ ቲን ክላየንት አልመክርም።

ሰርቨሩ ራሱስ ምን ያህል ይሁን? ሰዎች የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይጠይቁኛል። እኔ የምጠይቀው ራሙን ነው። ራም የሚበላው ደግሞ ብሮውዘር ነው፤ ሌላው ተራ ነው። ለአንድ ተጠቃሚ፣ ጥቂት ገጽ ለሚከፍት፣ 1.5 ጊጋባይት እይዛለሁ። ለሃያ ሰው 30 ጊጋባይት ነው። ለሲስተሙና ለመጠባበቂያ ሲጨመር 48 ቢሆን ያስሄዳል፤ 64 ቢሆን እንቅልፍ ይሰጣል። ሊኑክስ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ሃያ ሰው አንድ ዓይነት ፕሮግራም ሲከፍት የፕሮግራሙ ኮድ ራም ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁሉም ይጋሩታል። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ሲከፍት ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከረው ዓይነት አይሞከርም፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቀው ሃንግ ያደርጋል። ኤስኤስዲ ግዴታ ነው።

በዊንዶውስ ልሥራ ካልክ ሌላ ወጪ አለ። ተራው ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የአንድ ሰው ስክሪን ብቻ ነው። ለብዙ ሰው የዊንዶውስ ሰርቨር ያስፈልጋል፤ በላዩ ላይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ማሽን ሁለት ዓይነት ላይሰንስ ይጠየቃል። አንዱ ሰርቨሩን ለመጠቀም፣ ሌላው በርቀት ዴስክቶፕ ለመግባት። "አሮጌ ማሽን ስለተጠቀምን አተረፍን" ያለ ሰው ይህን ወረቀት ሲያይ ሊደነግጥ ይችላል። ተራውን ዊንዶውስ ጠምዝዘው ብዙ ሰው እንዲቀበል የሚያደርጉ ማሻሻያዎች ይዞራሉ። ከፈቃድ ውሉ ጋር ይጋጫሉ፤ አፕዴት በመጣ ቁጥርም ይሰበራሉ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላስገባም።

እስካሁን ቲን ክላየንት እያልኩ መጣሁ። ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ መካከለኛ መንገድ ግን አለ። ፋት ክላየንት ይሉታል። ሲስተሙ በኔትወርክ ከሰርቨር ይመጣል፤ ፋይሉም እዚያው ሰርቨር ላይ ነው። ስሌቱ ግን እዚህ፣ በአሮጌው ማሽን ፕሮሰሰርና ራም ይሠራል። አሮጌ የምንለው ማሽን እኮ ሁሉም አንድ አይደለም። ባለ 2 ኮር ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11 ስላልተቀበለው ብቻ ጉልበት የለውም አይባልም። ቪዲዮ ራሱ ያሳያል፤ ድምፅ ራሱ ያወጣል። ያን ጉልበት ጥሎ ሁሉን ሰርቨር ላይ መጫን ብክነት ነው። ኤልቲኤስፒም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ አዲስ ሲጻፍ ያዘነበለው ወደዚህ ነው። ሰርቨሩ እንዲያ ሲሆን ማስነሻና መጋዘን ብቻ ነው፤ መካከለኛ ማሽን ይበቃዋል። በእኔ እይታ ዛሬ "አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ቲን ክላየንት" ከሚሉት ፕሮጀክቶች ብዙዎቹ በፋት ክላየንት ቢሠሩ ይሻላቸው ነበር። እውነተኛው ቲን ክላየንት የሚያስፈልገው 1 ወይም 2 ጊጋባይት ራም ብቻ ላላቸው፣ ብሮውዘር ሲከፈት ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ጨርሶ መተው ያለባቸው አሉ። 32 ቢት ብቻ የሚችሉ ፕሮሰሰሮች መንገዳቸው እየጠበበ ነው። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለእነሱ የሚሆን ማስነሻም ኢንስቶለርም የለውም። ኤሌክትሪክም ይቆጠራል። 70 ዋት የሚበላን አሮጌ ዴስክቶፕ 10 ዋት ከሚበላ ትንሽ አዲስ ተርሚናል ጋር አወዳድር። ልዩነቱ 60 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 ቀን ቢሠራ 120 ኪሎዋት ሰዓት። ለሃያ ማሽን 2,400 ኪሎዋት ሰዓት በዓመት። የፔንቲየም 4 ዘመን ማሽኖች ከዚህም የባሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ፕሮሰሰራቸው ብቻውን ከ100 ዋት በላይ ይጠጣል። "ነጻ ነው" የተባለ ማሽን በየወሩ በቆጣሪ በኩል ሒሳቡን ያስከፍላል። ግን አዲስ ዕቃ ለመሥራትም ብዙ ኃይልና ማዕድን ይፈጃል። ስለዚህ መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም። የዋት መለኪያ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ማየት ከክርክር ያድናል።

የዚህ ሁሉ ትልቁ አደጋ ግልጽ ነው። ሰርቨሩ ቢወድቅ ሃያ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በተለመደው አሠራር አንድ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚቆመው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱ፣ ሁለቱ ዲስክ፣ በየቀኑ የሚወሰደው ባክአፕ ቅንጦት አይደሉም። ስዊቹም ዩፒኤስ ላይ መሆን አለበት፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። በምላሹ የምታገኘው ግን ቀላል አይደለም። አፕዴት አንድ ጊዜ ትሠራለህ፤ ሃያው ወንበር ይታደሳል። ተርሚናል ቢሰረቅ ውስጡ አንድም ፋይል የለም። ማሽን ቢበላሽ ሌላ ሰክተህ በሁለት ደቂቃ ሥራው ይቀጥላል። ሃያ ኮምፒውተር አንድ በአንድ ፎርማት አድርጎ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

የጓደኛዬ ክፍል እንዲህ አለቀ። ከሃያው አራቱ ለመለዋወጫ ሆኑ፤ ሦስቱ ካፓሲተራቸው ያበጠ፣ አንዱ 32 ቢት ብቻ። አሥራ አንዱ ፋት ክላየንት ሆኑ። አምስቱ ራማቸው ጥቂት ስለሆነ እውነተኛ ቲን ክላየንት ሆነው መዝገብ ማስገቢያ ክፍል ገቡ። እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚከፈተው አንድ ፕሮግራም ነው። ሒሳብ ክፍል ያሉት ሴትዮ "የኔን እንዳትነኩ" አሉ። ፕሮግራማቸው ከዊንዶውስ ውጭ አይሠራም፤ እውነታቸውን ነበር፤ አልነካንም።

የመጀመሪያው ቅሬታ በሦስተኛው ቀን መጣ። ስለ ፍጥነት መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ጠርቶኝ "ይሄ ነገር አልተነሳም መሰለኝ፣ ድምፅ የለውም" አለኝ። ለዓመታት የሃርድ ዲስኩን ጉርምርምታ ሰምቶ ነበር ኮምፒውተሩ መነሳቱን የሚያውቀው። አሁን ዲስክ የለም፤ ፋኑም ተጠርጓል። ሞኒተሩን አበራሁለት። የሎግ ኢን ገጹ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነበር።